ቁማር የሚያስጀምር መድኃኒት

ባለፈው ወር ለሕክምና ጉባኤ ላስ ቬጋስ ሄጄ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ካዚኖ ገባሁ። እዚያ ከተማ የቁማር ማሽን ገና ኤርፖርት ውስጥ ነው የሚቀበላችሁ፤ ሻንጣችሁን እንኳ ሳትወስዱ! የገባሁበት አዳራሽ ደግሞ መስኮትም የግድግዳ ሰዓትም የለው። ይምሽ ይንጋ አይታወቅም።

እኔ ግን የማየው ሰዉን ነበር። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ያገራችን ሰው፣ ትልቅ አባት፣ ማሽን ላይ ተቀምጠዋል። ሁለት ምስል ገጥሞ ሦስተኛው አለፈ።

"አየህ ልጄ፣ ለጥቂት! አሁን ሳይሰጠኝ አይቀርም" አሉኝ።

ማሽኑ እንዲህ አይሠራም። እያንዳንዱ ጨዋታ ካለፈው ጋር ግንኙነት የለውም፤ "ለጥቂት" ማለት ያው መበላት ነው። አንጎላችን ግን ያሸነፈ ያህል ይነቃቃና ድገም ይለናል። በዚህ ስሜት ውስጥ ትልቅ ድርሻ ያለው ዶፓሚን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው።

የሰውየው እጅ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ሐኪም መሆኔን ነግሬ ጠየቅኋቸው። ፓርኪንሰን አለባቸው፤ ፕራሚፔክሶል ይወስዳሉ። ቁማር የጀመሩት የመድኃኒቱ መጠን ከተጨመረ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ሎተሪ እንኳ ቆርጠው አያውቁም! ባለቤታቸው ትርፍ ሰዓት የሚሠሩ ነው የሚመስላቸው። በማግስቱ ለሐኪማቸው ደውለው ቀጠሮ ያዙ፤ ይህንንም የምጽፈው በፈቃዳቸው ነው።

ወገኖቼ፣ ነገሩ ዝም ብሎ የፀባይ ብልሽት አይደለም። ፕራሚፔክሶልና ሮፒኒሮል ልክ እንደ ዶፓሚን ሆነው ነው የሚሠሩት። ብዙ ሰው ያለችግር ይወስዳቸዋል፤ በአንዳንዱ ላይ ግን የቁማር፣ ያለልክ የመግዛት፣ የመብላት ወይም የወሲብ ፍላጎት ይቀሰቅሳሉ። (ድንገተኛ እንቅልፍም ያመጣሉ፤ መኪና የምትነዱ ልብ በሉ።) ለአእምሮ ሕመም በሚሰጠው አሪፒፕራዞል ላይም የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2016 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል።

ታዲያ መድኃኒቱን በራሳችሁ እንዳታቆሙ! በድንገት ማቆም ራሱ አደጋ አለው። ላዘዘላችሁ ሐኪም ንገሩ፤ መጠኑ ሊቀነስ ወይም በሌላ ሊተካ ይችላል። ታማሚው አፍሮ ሊደብቅ ስለሚችል፣ ቤተሰብም የገንዘብ አወጣጡን ይከታተል። ወላጆቻችሁ ከእነዚህ አንዱን የሚወስዱ ከሆነ፣ ዛሬውኑ ደውላችሁ በጨዋ ደንብ ጠይቋቸው።