ተጨማሪ መረጃ፦ የፋብሪካ ሕፃናትና የነፃ ገበያ ተከራካሪዎች

ኢኮኖሚስቱ ፍሪድሪክ ሃየክ በ1954 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የድርሰቶች ስብስብ፣ የነፃ ገበያ ደጋፊዎች ስለ እንግሊዝ ፋብሪካዎች የተለመደውን ትረካ ሞገቱ። ድህነትን ፋብሪካ አልፈጠረውም፤ ሕፃናት ቀድሞም በእርሻና በቤት ውስጥ ፈትል ይደክሙ ነበር አሉ። ከጸሐፊዎቹ አንዱ የሆነው ዊልያም ሃት በበኩሉ፣ የሕፃናትን የፋብሪካ ሥራ የመረመረው የፓርላማው የሳድለር ኮሚቴ በ1832 የሰማው ምስክርነት ያለ መሐላ የተሰጠና ወገናዊ ነው ሲል ተቸ።

ትችቱ መሠረት አለው። ሆኖም በ1833 የተሰየመው ሌላ አጣሪ ኮሚሽንም፣ ሕፃናቱ እንደ አዋቂ ረጅም ሰዓት እየሠሩ ጤናቸው እንደሚጎዳ አረጋገጠ። ቀድሞም ይሠሩ ነበር ማለት፣ ማሽን በሚወስነው ፍጥነት ቀኑን ሙሉ መቆምን ቀላል አያደርገውም። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ በአብዛኞቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ከ9 ዓመት በታች ያሉትን መቅጠር ከለከለ፤ አስከባሪዎቹ ግን 4 ዋና ተቆጣጣሪዎች ነበሩ።