ሽቦው አንቴና ሲሆን

እንደ ግሸን ባለ ገደላማ አገር መንገድ ሲቆረጥ አለቱን የሚሰብረው ድማሚት ነው፤ ድማሚቱን የሚቀሰቅሰው ግን ከጣት የማይወፍር ዲቶኔተር። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ዓይነት ሁለት ሽቦ አለው፤ በውስጡ ያለችው እጅግ ቀጭን ሽቦ ጅረት ሲያልፍባት ትግልና ፈንጂውን ታስነሳለች። የጦር ሮኬትና ሚሳይልም በዚሁ መንገድ ይቀሰቀሳሉ።

ሁለቱ ረጃጅም ሽቦዎች ታዲያ ሳይፈለጉ አንቴና ይሆናሉ። በቅርብ ኃይለኛ ራዳር ወይም የመገናኛ ሬዲዮ ሲያሰራጭ ማንም ያልላከው ጅረት ይፈጠርባቸዋል። መከላከያው የዋዛ ይመስላል፤ የሽቦዎቹ የተላጡ ጫፎች እስከ መጨረሻው ሰዓት እርስ በርስ ተጠማዝዘው ይቆያሉ፣ ዲቶኔተሩ በብረት ሣጥን ይቀመጣል፣ ሬዲዮ ከአካባቢው ይርቃል። ነጎድጓድ ከተሰማ ሥራው ቆሞ ሰው ሁሉ ይሸሻል። ስልኩን ኪሱ ከቶ ዲቶኔተር የሚያገናኝ ሠራተኛ ተግሣጽ ይገባዋል።

ይህ ጉዳይ ሲነሳ ፎረስታል የተባለችው የአሜሪካ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ መጠቀሷ አይቀርም፤ ብዙ ጊዜም በስሕተት። ሐምሌ 22 ቀን 1959 ዓ.ም. በቬትናም ጦርነት ላይ ሳለች፣ ከአንድ ፋንቶም ጀት ዙኒ ሮኬት ማንም ሳይተኩሰው ተፈተለከ። ሌላ አውሮፕላን መታ፤ ነዳጅ ተቀጣጠለ፤ ቦምቦች ፈነዱ፤ 134 ሰዎች ሞቱ። ሮኬቱን ያስነሳው የራዳር ሞገድ ነው የሚለው ወሬ እስከ ዛሬ ይደጋገማል። የባሕር ኃይሉ ምርመራ የደረሰበት ግን ሌላ ነው። አብራሪው ከውጭ የኃይል ምንጭ ወደ አውሮፕላኑ ሲያዛውር ጅረቱ ድንገት ናረ። ይህ ብቻውን ሮኬቱን ባላስወነጨፈው ነበር። ሮኬቱ ሳይታሰብ እንዳይተኮስ የሚያግደው የደኅንነት ካስማ ግን ቀድሞ ተነቅሏል፤ የሮኬቱ ማገናኛም አውሮፕላኑ ለመነሣት ሳይሰለፍ ተሰክቷል፤ ሁሉም ሥራ ለማፋጠን ሲባል። ጥፋቱን በራዳር ያላከከ ሰው ካስማውን ይረሳል፤ ካስማውን የረሳ ደግሞ ያንኑ አደጋ ይደግማል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ2014 ዓ.ም. የሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ሐይቅንና ግሸን ያለበትን አምባሰልን አዳርሷል፤ ጦርነት ያለፈበት መሬት ደግሞ ያልፈነዳ ተተኳሽ አያጣም። የአርፒጂ ቅምቡላ አፍንጫው ላይ ሲመታ ራሱ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ክሪስታል አለው። እሱን ለማስነሳት ራዳርም የስልክ ማማም አያስፈልግም።

ለመስከረም 21 ወደ ግሸን ማርያም በእግር የምትጓዙ ምእመናን፣ በየሜዳው ከብት የምታሰማሩ ልጆችም፣ እንዲህ ያለ ብረት ብታዩ አትንኩ፣ አታንሱ። በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱ፤ ስልክ የምትደውሉትም ከቦታው ርቃችሁ ይሁን፤ ለፖሊስ ንገሩ።