አሮጌዋ ቪትዝ ቤት ከመግባቷ በፊት

የኋላ መስተዋቷ ላይ «የሚሸጥ» የሚል ወረቀት የተለጠፈባት ትንሽ መኪና ደብረ ታቦር መንገድ ዳር ቆማ ስታዩ፣ ዙሪያዋን የሚዞሯትን ሰዎች ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። አብዛኞቹ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ነው። ጡረታ የወጡ መምህር፣ ልጃቸው ከውጭ ብር የላከችላቸው እናት፣ እህል ሸጠው ጥቂት ያጠራቀሙ አባወራ። ወጣቱ እንኳ ካየ በሌላ ዓይን ነው፤ ቪትዝ፣ ዲኤክስ፣ ላዳ፣ ቮልስ የወጣት ሕልም ሆነው አያውቁም። ሰርግ ላይ አበባ አይታሰርላቸውም። ገበያ ያደርሳሉ፣ ሐኪም ቤት ያደርሳሉ፣ ማታ ግቢ ውስጥ ጨርቅ ለብሰው ያድራሉ።

እንዲህ ያለችው መኪና በአገራችን የቆየ ክብር አላት። ቮልስ በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ የመጨረሻዋ ከፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችውም ቮልስ ነበረች። የዘመኑ ሰው ሁሉ ውርደቱን ያነሳል። እኔ ግን አገር የሚያህል ታሪክ ተሸክማ እንደ ማንኛውም ቀን ተነስታ መሄዷ ይገርመኛል። ቪትዝ ደግሞ ከ1999 ጀምሮ የተሠራች ልጅ መኪና ናት፤ አውሮፓ ውስጥ ያሪስ ተብላ የ2000 የዓመቱ መኪና ሽልማትን ወስዳለች። እኛ ዘንድ ሽልማቷን የሚያስታውስ የለም። መለዋወጫዋ በየሱቁ መገኘቱ፣ ሞተሯ አንድ ሊትር ሆኖ ነዳጅ አለመጠጣቷ፣ የትም ያለ መካኒክ እጁ የለመዳት መሆኗ ይበቃታል።

«ርካሽ» የሚለውን ቃል ግን ከፈረንጅ አገር እኩል አንረዳው። እነርሱ ዘንድ ሃያ ዓመት የሞላት መኪና ለቁራጭ ብረት የምትሄድ ናት። እኛ ዘንድ ዋጋዋ ሚሊዮን ብርን ከተሻገረ ሰንብቷል። ምክንያቱ ብዙ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖች ከውጭ ሲገቡ ከመግዣ ዋጋቸው የሚበልጥ ግብር ጣለባቸው። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር የቤት አውቶሞቢል እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለችው አሮጌ ቤንዚን መኪና ምትክ የሌላት ሆነች። ሰውም መኪናን እንደ ቤትና እንደ ወርቅ ማስቀመጫ አድርጎ መቁጠር ጀመረ። እዚህ ላይ አልስማማም። ወርቅ ዘይት አይቀየርለትም። መኪና በቆመችበትም ጎማዋ ይደርቃል፣ ባትሪዋ ይወርዳል፤ ነገ ደግሞ የኤሌክትሪኮቹ ቁጥር ሲበዛ የእርሷ ዋጋ ወዴት እንደሚሄድ ማንም ደላላ ሊምልላችሁ አይችልም።

ይህን ሁሉ እንዳስብ ያደረገኝ ገሳይ ያለው የወንድሜ ቤት ነው። ባለቤቱ ስኳርና ግፊት አለባት፤ በየጊዜው ለክትትል ደብረ ታቦር፣ አንዳንዴም ባሕር ዳር መውረድ አለባት። በሚኒባስ ሦስትና አራት ሰው በሚቀመጥበት ወንበር ተጨናንቃ፣ መርፌዋን በፌስታል ይዛ ነው የምትጓዘው። ልጆቻቸው ከውጭ ተባብረው ገንዘብ ላኩ። ትልቁ ልጅ «አሮጌም ቢሆን መኪና ግዙ» ይላል። ወንድሜ «ገንዘቡ ባንክ ይቀመጥ፣ ስትታመም ኮንትራት እንይዛለን» ይላል። እርሷ ምን እንደምትል እስክጠይቃት ድረስ የጠየቃት ሰው አልነበረም። «ሌሊት ቢያመኝ ማን ይመጣልኛል?» አለችኝ።

ለዚህ ጥያቄ ባንክ ያለ ገንዘብ መልስ የለውም። በጤና ሙያ ባገለገልኩባቸው ዓመታት ከጉና ሥር ካሉ ቀበሌዎች በቃሬዛ የሚመጡ ወላዶችን ተቀብያለሁ። ስምንት ሰው እየተፈራረቀ ተሸክሞ፣ ዝናብ እየመታቸው ይደርሳሉ። አምቡላንስ አለ፤ ግን አንድ አምቡላንስ ለስንት ቀበሌ? ከወለደች በኋላ ደም የሚፈሳት እናት ሁለት ሰዓት እንኳ ላትቆይ ትችላለች። የመንደሩ አንዲት አሮጌ ዲኤክስ ያዳነቻቸውን እናቶች በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ አሮጌ መኪና የቅንጦት ዕቃ ነው ከሚሉት ወገን አይደለሁም።

ነገር ግን መኪና የገዛ ቤተሰብ የመንደሩ አምቡላንስ መሆኑን ከወዲሁ ይወቅ። ምጥ፣ ለቅሶ፣ ሰርግ፣ እህል ወፍጮ ቤት ማድረስ፤ «እምቢ» ማለት በእኛ አገር አይቻልም፣ ደግሞም አያምርም። ነዳጁን የሚጠይቅ ጎረቤት ጥቂት ነው። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ እየተነሳ በመጣበት ጊዜ ይህ ትንሽ ወጪ አይደለም። ማደያ ሲደርቅ ደግሞ በሃይላንድ የሚሸጠው ቤንዚን አለ፤ ምን እንደተቀላቀለበት የሚያውቀው የሸጠው ብቻ ነው። ወንድሜ ቤት የመከርኩት፣ ቀድሞ እድሩ ስብሰባ ላይ እንዲነሳና ለታመመ ሰው የሚሆን የነዳጅ መዋጮ እንዲቀመጥ ነው። ምጥ የያዛት ሴት ስትጫን በግራ ጎኗ እንድትተኛ አድርጉ፤ አንድ ሰው ቀድሞ ለጤና ጣቢያው ይደውል። ይህን ለባለመኪናው ሁሉ እናገራለሁ።

አሁን ወደ መኪናዋ ሕመም ልግባ። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ነው፤ ወደ ጉና ሲጠጉ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ የሌለው ሞተር ቆላ ላይ ከነበረው ጉልበት ሩብ ያህሉን እዚህ ያጣል። አዲስ አበባ ላይ አራት ሰው ጭና ዳገት የወጣች ቪትዝ፣ ገሳይ ላይ ስታቃስት ብትሰሙ ሁልጊዜ በሽታ ነው አትበሉ፤ ሰውም ቢሆን አገሩን እስኪለምድ ይተነፍሳል። ካርቡራተር ያላቸው አሮጌዎቹ ግን ከፍታ ላይ ቤንዚኑ ስለሚበዛባቸው ጥቁር ጭስ ያወጣሉ፤ በባለሙያ መስተካከል አለባቸው።

ሌላው ውኃ ነው። መርፌ በእንፋሎትና በፈላ ውኃ እናጸዳ በነበረበት ጊዜ ደጋ ላይ ውኃ በ100 ዲግሪ እንደማይፈላ የተማርነው በሥራ ነው፤ ደብረ ታቦር ላይ በ91 ገደማ ይንተከተካል። የመኪና ራዲያተር ይህን የሚቋቋመው ክዳኑ ግፊቱን አፍኖ ስለሚይዝ ነው። ክዳኑ ካረጀ ውኃው ቶሎ ይፈላል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ቴስታ ይጣመማል፤ የቴስታ ጓርኒሲዮን ይበላል። ክዳኑ ርካሽ ነው፣ ቴስታው ግን አይደለም። ሞተሩ ግሎ ሳለ ክዳኑን የሚከፍት ሰው ፊቱንና ደረቱን ይቃጠላል። እንዲህ ተቃጥለው የመጡ ሹፌሮችን ቁስል ጠርጌያለሁ፤ ግማሽ ሰዓት መታገሥ ይሻል ነበር።

ከደብረ ታቦር በዓለም በር በኩል ወደ ወረታ ስትወርዱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ 900 ሜትር ያህል ቁልቁል ትወርዳላችሁ። እግሩን ፍሬን ላይ ጭኖ የሚወርድ ሰው ፎገራ ሜዳ ሳይደርስ ፍሬኑ ይግላል። የፍሬን ዘይት ዕድሜው ሲገፋ ውኃ ከአየር ይጠጣል፤ ውኃ የጠጣ ዘይት ሲግል ይፈላና ፔዳሉ እስከ ወለል ይወርዳል። አሮጌ መኪና ስትገዙ ከሁሉ በፊት ይህን ዘይት አስቀይሩ። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ውረዱ። አውቶማቲክም ቢሆን ዝቅተኛ ማርሽ አለው፤ ብዙ ሰው አይነካውም። አጼ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያስሠሩትን ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን ሴባስቶፖል በ1860 ዓ.ም. በዚህ ተራራማ አገር እየጎተቱ መቅደላ ሲያደርሱ፣ ከመጎተቱ እኩል ቁልቁለት ላይ መያዙ ሳያስጨንቃቸው አልቀረም ብዬ አስባለሁ። መንገዱ ተሻሻለ እንጂ ቁልቁለቱ ያው ነው።

አያቶች ሆይ፣ የሚቀጥለው ለእኛ ነው። የልጅ ልጅን ጋቢና ጭን ላይ አድርጎ መሄድ እንወዳለን፤ ልጁም ይወደዋል። መኪናዋ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየሄደች ብትጋጭ 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በዚያች ቅጽበት በመቶ ኪሎዎች የሚቆጠር ጉልበት ይዞ ይወረወራል። የማንም እጅ አይይዘውም። እኛ ራሳችንም በላዩ እንወድቅበታለን። ልጅ ከኋላ ይቀመጥ፣ ቀበቶው ይሥራ። ብዙ አሮጌ ቮልሶች የኋላ ቀበቶ ስለሌላቸው፣ ብወዳቸውም ልጆች ላሉበት ቤት አልመክራቸውም። በአሮጌ ቪትዝና ኮሮላም ላይ የኤርባግ ነገር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በተሠሩ ብዙ የቶዮታ ሞዴሎች ላይ የተገጠመው ታካታ የተባለው ኩባንያ ኤርባግ ሲያረጅ ብረት ስለሚረጭ እንዲቀየር በዓለም ዙሪያ ጥሪ ተደርጎ ነበር። ሻጩን ተቀይሮ እንደሆነ ጠይቁት። አብዛኛው አያውቅም፤ እናንተ ግን ጠይቃችሁ ልጁን ከኋላ አስቀምጡ።

ከሁሉ የምፈራው ግን የማይታየውን ነው። ማርሚታው ወይም የጭስ ቱቦው የተበሳ መኪና ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ውስጥ ያስገባል። ሽታ የለውም። ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ደምን አጥብቆ ይይዛል፤ አየሩ በሳሳበት ደጋ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። በቮልስ ላይ ማሞቂያው አየሩን የሚያሞቀው በጭስ ቱቦው ዙሪያ አሳልፎ ስለሆነ፣ ዝገት ከበሳው ጭሱ በቀጥታ ተሳፋሪው ላይ ይመጣል። በጉዞ ላይ ሁሉም ሰው ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመረው፣ ልጆቹም ያለ ጊዜው እንቅልፍ ከጣላቸው፣ «መኪና ያዞራቸዋል» ብላችሁ አትለፉ፤ አቁሙ፣ ውረዱ፣ ንጹሕ አየር ውሰዱ። በብርዱ ጠዋት ሞተር እያሞቁ በር የተዘጋ መጠለያ ውስጥ መቀመጥም እንዲሁ ያደክማል፣ ይገድላልም።

ጎማ ላይ ደግሞ ዲ.ኦ.ቲ. ከሚለው ጽሑፍ በኋላ የተቀረጹትን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች አንብቡ። 2315 ቢል በፈረንጆች 2015 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ የሚያብለጨልጭ ጎማ አሥር ዓመት የሞላው ሊሆን ይችላል። ጎሚስታው ቀለም ቀብቶ ያሳምረዋል፤ ቁጥሩን ግን ሊቀይረው አይችልም።

መኪናዋን ማልዳችሁ፣ ሞተሯ ሳይሞቅ እዩ። ሻጩ «አሙቄ ልጠብቃችሁ» ካለ አመስግናችሁ እምቢ በሉ። ቪትዝ የሚለው ስም የጃፓን ገበያ ስም ነው፤ ጃፓን መሪው በቀኝ ስለሆነ፣ ስሟ ቪትዝ የሆነች መኪና መሪዋ ዞሮ የመጣ ሊሆን ይችላልና የመሪውን ሥራ መካኒክ አጎንብሶ ይይላችሁ። የራሳችሁን መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ፤ ደላላው ያመጣውን አይደለም።

ስለ ወረቀት አጭር ልናገር። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር መኪናዋ ላይ ካለው ጋር ይመሳከር፣ የባንክ እዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ እንደሌለባት ይጣራ፣ ስም በጊዜው ይዙር። በውክልና ብቻ ይዞ መንዳት የብዙ ቤተሰብን ጠብ አምጥቷል፤ ወካዩ ሲሞት ውክልናው አብሮ ይሞታልና ከወራሾቹ ጋር ፍርድ ቤት መቆም ይመጣል። ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ናቸው። ኮድ 2 መኪናን ታክሲ አድርጎ «ወጪዋን ትሸፍን» የሚል ልጅ በየቤቱ አለ፤ ሕጉ አይፈቅድም፣ አደጋ ቢደርስ መድን ድርጅቱም ላይከፍል ይችላል።

ለወንድሜ ያልኩት፣ ከተላከው ገንዘብ ሩቡ ለመኪናዋ ግዢ እንዳይነካ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ፍሬኑ፣ ጎማው፣ ባትሪው፣ ቀበቶው ይበላዋል። ሩቡ ተቀንሶ የምትገዛ ካልተገኘች ለጊዜው ከአንድ ባለመኪና ጎረቤት ጋር በወር ተስማምቶ ሌሊትም ቢሆን እንዲመጣ መዋዋል ይቻላል። ባለቤቱ ይህን ሁለተኛውን ብዙም አልወደደችውም፤ ሰው መለመን መሰላት።

እስካሁን አልገዙም። ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር ያዩዋት ነጭ ቪትዝ ሞተሯ ጥሩ ነበር፤ ጎማዎቿ ግን የ2012 ሆነው ተገኙ፣ ሻጩም ዋጋ አልቀንስም አለ። ቅዳሜ ሌላ ሊያዩ ይወርዳሉ። በዚህ ጊዜ እርሷም አብራ ትሄዳለች፤ የኋላው ወንበር እግሯን ዘርግታ እንደሚያስቀምጣት ራሷ ልትሞክር።