ለመልክዓ ምድር ፎቶግራፍ የሚሆን ርካሽ ካሜራ እንዴት ይመረጣል?

በግቢያችን ስልክ የሌለው ተማሪ አይገኝም፤ ስልኩም ሁሉ ፎቶግራፍ ያነሣል። «ታዲያ ሌላ ካሜራ መፈለግ ቅብጠት አይደለምን?» ብሎ የሚጠይቀኝ ጓደኛ አልጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ መልሱን ከእናቴ እጀምራለሁ።

በሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሲያልቁ እኔ ገና ሕፃን ነበርሁ። እናቴ ያደገችው ከወንዙ ዳር ነው። ስለዚያ ሰፈር ስታወራኝ ዛፉ ወዲህ፣ በሩ ወዲያ እያለች በእጇ አየር ላይ ትሥላለች እንጂ የምታሳየኝ አንድ ሥዕል የላትም። ቤተሰቡ ፎቶግራፍ አጥቶ አይደለም፤ የሠርግና የበዓል ሞልቷል። ነገር ግን ከሰዎቹ ትከሻ በስተጀርባ ያለውን ምድር ማንም ልብ ብሎ አላነሣውም። ስለዚህ ያደግንበትን አገር መልኩን ማስቀረት ቅብጠት ነው ብዬ አላምንም።

ስልክ ለቅርብና ለሰፊ ነገር ይበቃል። ችግሩ የሚመጣው ከሩቅ ያለ ነገር ሲፈለግ ነው። ከደቻቱ አሸዋ ላይ ቆመን በስተደቡብ ያለውን ተራራ በስልክ ብናነሣው ተራራው እንደ ክር ቀጥኖ ይቀራል፤ በጣት ስቦ ማቅረብም ብዙውን ጊዜ ሥዕሉን ቆርጦ ከማተለቅ አያልፍም። በሌላ በኩል ሌንሱ እየተፈታ የሚለዋወጠው የባለሙያ ካሜራ አለ፤ እርሱ ግን አንዱ ሌንስ ብቻውን የተማሪን ኪስ ያራቁታል። በሁለቱ መካከል ያለው ብሪጅ ካሜራ ይባላል፤ ትርጉሙም ድልድይ ማለት ነው። ከዚራንና መጋላን በድልድይ ለሚሻገር የድሬ ዳዋ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ሌንሱ ከአካሉ ጋር የተጣበቀ ሆኖ ከሰፊው እስከ ሩቁ ሁሉን ይሠራል። ሌንሱ ስለማይፈታም ለአቧራችን ይሻላል።

እኔ የታሪክ ተማሪ እንጂ የመሣሪያ ሊቅ አይደለሁም፤ የማውቀውንም ያወቅሁት ተሳስቼ ነው። ልጆች አስጠንቼ ባጠራቀምሁት ገንዘብ አምና አንድ ያገለገለ ካሜራ ገዛሁ። የመረጥሁትም «60 ጊዜ ያቀርባል» የሚል ጽሑፍ አይቼ ነው። በማግሥቱ በእኩለ ቀን ወደ ደንገጎ ወጥቼ ከተማዋን አነሣሁ። ሥዕሉ በፈላ ድስት እንፋሎት ውስጥ የታየ ይመስል ነበር። ካሜራው የተበላሸ መስሎኝ አዘንሁ፤ ኋላ ግን ምክንያቱ ሁለት መሆኑን ተረዳሁ።

አንደኛው አየሩ ነው። ምድር ስትግል ከላይዋ ያለው አየር በሙቀት ይደራረባል፤ ብርሃኑም በዚያ ውስጥ ሲያልፍ እየታጠፈ ይርገበገባል። ርቀቱ በጨመረ ቁጥር መርገብገቡም ይጨምራል፤ ይህንንም ማንኛውም ሌንስ አያድነውም። ሁለተኛው ብርሃኑን የሚቀበለው ሴንሰር ማነስ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ብርጭቆና ሳፋ ደጅ ብናስቀምጥ የትኛው ብዙ ውኃ ይይዛል? ሴንሰርም እንዲሁ ነው። ብዙዎቹ ብሪጅ ካሜራዎች የያዙት 6.2 በ4.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ባለ አንድ ኢንች የሚባለው ግን 13.2 በ8.8 ሚሊ ሜትር በመሆኑ ስፋቱ አራት እጥፍ ነው። ጎሕ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ማለት መልክዓ ምድር ከሁሉ በሚያምርበት ሰዓት፣ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል።

እንግዲህ በእንግሊዝኛ አቆጣጠር በ2015 የወጣው ኒኮን ኩልፒክስ ፒ900 ከ24 እስከ 2000 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ጨረቃን ለሚወድ ሰው ደስ ይላል። ሴንሰሩ ግን ትንሹ ነው፤ ሮው የተባለውንና በኋላ በኮምፒዩተር ለማረም የሚመቸውን ፋይልም አይሰጥም። በ2013 የወጣው ሶኒ አር ኤክስ 10 ከ24 እስከ 200፣ በ2014 የወጣው ፓናሶኒክ ሉሚክስ ኤፍ ዜድ 1000 ደግሞ ከ25 እስከ 400 ሚሊ ሜትር ብቻ ይደርሳሉ፤ ሁለቱም ግን ትልቁን ሴንሰር ይዘዋል፣ ሮውም ይሰጣሉ። ለመልክዓ ምድር 400 ከበቂ በላይ ነው። እንዲያውም የበለጠ የሚያስፈልገው ሰፊው ጫፍ ስለሆነ ከ24 ወይም ከ25 የማይጀምር ካሜራ አትግዙ። ገንዘቡ ለነዚህ ካልደረሰ በ2015 የወጣው ኤፍ ዜድ 300 ሴንሰሩ ትንሽ ቢሆንም አቧራና የውኃ ፍንጣቂ እንዲከላከል ተደርጎ የተሠራ ነው።

የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ ስለሚለዋወጥ እዚህ በቁጥር አልጽፍም። ምክሬ ግን አጭር ነው፤ በአንድ ዋጋ አዲስ ባለ ረጅም ዙምና አሮጌ ባለ ትልቅ ሴንሰር ከቀረበላችሁ አሮጌውን ውሰዱ። ታይዋን ገበያ ብትሄዱም፣ ከሰው እጅ ብትገዙም ሳትከፍሉ ይህን መርምሩ። ዙሙን እስከ ጫፍ አውጥታችሁ መልሱት፤ ከተንቋቋ ወይም ከተያዘ ተዉት። ነጭ ግድግዳ አንሥታችሁ ሥዕሉን አጉሉት፤ ጥቁር ነጥብ ከታየ አቧራ ገብቷል፣ ሌንሱ ስለማይፈታም ማጽዳቱ ቀላል አይደለም። በዓይን ተጠግቶ የሚታይበት መስኮት መኖሩን አረጋግጡ፤ በእኛ ፀሐይ የጀርባው መስተዋት አይታይምና። ባትሪውና ቻርጀሩ አብረው ይምጡ።

ሲነሣም ካሜራው በትራይፖድ ወይም በድንጋይ ላይ ይደገፍ። በትንሹ ሴንሰር የሌንሱን ቀዳዳ እስከ ኤፍ 8 ማጥበብ ሥዕሉን ያደበዝዛል፤ ኤፍ 4 ገደማ ይበቃል።

ያን ካሜራዬን የሚለውጥልኝ ገንዘብ ገና ስላልሞላ አሁንም በእርሱ እሠራለሁ። ነገር ግን በእኩለ ቀን መሄዴን ትቼ ማልጄ እወጣለሁ፤ ዙሙንም ከግማሹ አላሳልፍም። ከደንገጎ ቁልቁለት ወደ ሰሜን ስንመለከት የጧት ፀሐይ ከቀኝ ስለምትመጣ ሸለቆው ሁሉ ከነጥላው ይለያል። በቅርቡ እንዲህ ያነሣሁትን ለእናቴ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየችው፤ ከዚያም ጣቷን ከአሸዋው መታጠፊያ ላይ አሳርፋ «እዚህ ነበር» አለችኝ።