ጎረቤት ቁጭ ብላ ስትሰማ

የአሜሪካና የኢትዮጵያ የሶሻል ወርክ ተማሪዎችን የሙያችሁ እሴት ምንድን ነው ብትሏቸው መልሳቸው ይቀራረባል፦ ሰብዓዊ ክብር፣ ማኅበራዊ ፍትሕ፣ ታማኝነት፣ ሚስጥር መጠበቅ። ልዩነቱ የሚወጣው መስክ ላይ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ለማስተርስ ቢያንስ 900 ሰዓት የመስክ ልምምድ ግዴታ ነው። ተማሪዋ እዚያ በብዛት የምትለምደው በር ዘግታ ባለጉዳይን ለብቻ ማነጋገርን ነው። አዲስ አበባ ቤት ለቤት የምትሄደዋ ግን ገና ሳትቀመጥ ቡናው ይቀርባል፣ ጎረቤት ይጠራል። እናትየዋ ልጃቸው ለምን ትምህርት እንዳቋረጠ ሲናገሩ፣ የረሱትን ጎረቤታቸው ትሞላላቸዋለች። «እባክሽ ውጪልን» ማለት ደግሞ ነውር ነው፤ ጨዋታው እዚያው ይቆማል።

በ2018 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ዓለም አቀፍ የሶሻል ወርክ የሥነ ምግባር መርሆዎች ሰነድ ይህንን ያውቃል። በጋራ ኑሮ በሚታወቅ ባህል ውስጥ ሰዎች ሚስጥራቸውን በጋራ ለመያዝ ከመረጡ ይከበርላቸዋል ይላል፤ የግለሰብን መብት እስካልነካ ድረስ።

ለእኔ ቁም ነገሩ ያለው እዚህች «እስካልነካ» ላይ ነው። ስለ ትምህርት ማቋረጥ ጎረቤት ቢሰማ ምንም አይደለም። የኤችአይቪ ውጤት ወይም የቤት ውስጥ ጥቃት ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ጥቃት አድራሹ ራሱ ሲኒ ይዞ አጠገብ ተቀምጦ ይሆናል።

ለልምምድ የምትወጡ ተማሪዎች፣ ጎረቤት ይስማ እንደሆነ ሰው ፊት ጠይቃችሁ ያገኛችሁትን እሺታ እንደ ፈቃድ አትቁጠሩት። ስትነሱ ባለጉዳዩን «እስቲ እስከ መንገድ ይሸኙኝ» በሏቸውና ለብቻቸው ደግማችሁ ጠይቁ።