ቤትን ይዞ መንገድ መውጣት



በአሜሪካ የሚኖሩ ሙስሊም ቤተሰቦች ትምህርት ሲዘጋ ለረጅም ጉዞ መኝታ፣ ማእድ ቤትና መጸዳጃ ያለውን «ሞተርሆም» የተባለ ተሽከርካሪ መከራየት ይችላሉ። ሐላል ምግብ አብስሎ፣ ዉዱእ አድርጎና በወቅቱ ሰግዶ ለመጓዝ ይመቻል። ይሁን እንጂ አብዛኛውን ሞተርሆም በተራ መንጃ ፈቃድ መንዳት ስለሚፈቀድ፣ አባወራው «መንዳትማ አውቃለሁ» ብሎ ሳይለማመድ መሪ ይጨብጣል። አደጋው የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የመጀመሪያው ትምህርት ቁመት ነው። በኖርዝ ካሮላይና፣ ዱርሃም ከተማ የሚገኝ የባቡር ድልድይ ከመንገዱ 3.56 ሜትር ብቻ ከፍ ያለ ስለነበር የብዙ ተሽከርካሪዎችን ጣሪያ ገሽልጧል። በ2019 እ.ኤ.አ. 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ቢደረግም ግጭቱ ፈጽሞ አልቀረም። ስለሆነም የሞተርሆሙን ቁመት በወረቀት ጽፈው ከመሪው አጠገብ ይለጥፉ።

ሁለተኛ፣ ባዶ ሜዳ ላይ ይለማመዱ። ወደ ቀኝ ሲታጠፉ ከኋላ ጎማ በስተጀርባ ያለው አካል ወደ ግራ ይወጣል፤ ስፖኪዮ ሳያዩ መታጠፍ ከጎን ያለውን መኪና ያስገጫል። ወደ ኋላ ሲሄዱ ባለቤትዎ ወርደው እንደ ረዳት ይምሩዎት፤ በስፖኪዮ ካልታዩዎት ግን ወዲያው ይቁሙ።

ሦስተኛ፣ ክብደቱ ከባድ ስለሆነ ቶሎ አይቆምም። ከፊትዎ ካለው መኪና ይራቁ። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ረግጦ መውረድ ፍሬኑን አግሎ ያደክመዋልና አስቀድመው ማርሽ ይቀንሱ። የጎማውንም ነፋስ ጠዋት ከመነሳትዎ በፊት ያስለኩ።

አራተኛ፣ ቤት ቢመስልም ሲሄድ መኪና ነው። ልጆች አልጋ ላይ አይተኙ፣ ሻይም አይፈላ፤ ሁሉም ቀበቶ ይታጠቅ፣ ጋዙም ይዘጋ። ሌሊት ለሙቀት ብለው ምድጃ አያንድዱ፤ ቀለምም ሽታም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተኛን ሰው ይገድላል።

ስንሳፈር የምናደርገው ዱዓ ከሱረቱ-ዙኽሩፍ 13ኛና 14ኛ አንቀጾች የተወሰደ ነው። ነገር ግን ዱዓ ጥንቃቄን አያስቀርም፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ ግመሉ የጠየቃቸውን ሰው መጀመሪያ አስሮ ከዚያ በአላህ እንዲመካ ማዘዛቸውን ቲርሚዚ ዘግበዋል። አላህ ለመንገደኛ ሶላትን እንኳ እንዲያሳጥር ፈቅዶለታል፤ ታዲያ ሹፌሩ በምን ምክንያት ይቸኩላል? ከኋላው የተቀመጡት ሚስቱና ልጆቹ የአላህ አማና ናቸው። ሲደክመው ይቁም፣ ይረፍ።

አላህ መንገዳችንን ሰላም ያድርግልን። አሚን።