ይህ ሐውልት የማን ነው?

ሙዚየም የሚለውን ቃል በሬዲዮ ሰምታችሁት ይሆናል። ሙዚየም ማለት የጥንት ዕቃ ተሰብስቦና ተጠብቆ ለሕዝብ የሚታይበት ቤት ነው። ዕቃው አይሸጥም። ሰው ገብቶ ያየዋል፤ ይማርበታል፤ ይወጣል። አዲስ አበባ ያለው ብሔራዊ ሙዚየም የመላ አገሪቱን ቅርስ ይይዛል። የአንድን አካባቢ ታሪክ ብቻ የሚያሳዩ ትናንሽ ሙዚየሞችም አሉ። ዛሬ የምናወራችሁ ስለ አንዱ፣ ስለ ኮንሶ ሙዚየም ነው።

ኮንሶ ከአርባ ምንጭ በስተደቡብ ነው። ከተማው ካራት ይባላል። አገሩ ድንጋያማና ተራራማ ነው፤ ዝናቡም አይታመንም። ታዲያ የኮንሶ ገበሬ ምን አደረገ? ድንጋዩን ለቅሞ እርከን ሠራበት። አንዳንዱ የእርከን ግንብ ቁመቱ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። ሲሚንቶ የለው፣ ጭቃ የለው፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ብቻ። ሥራው ከ400 ዓመት በላይ ሆኖታል። በ2003 ዓ.ም. ዩኔስኮ የኮንሶን ምድር በዓለም ቅርስነት መዘገበው። መቼም እርከን ቤት ውስጥ አይገባም። ሙዚየሙ ውስጥ የሚታዩት ዋካዎች ናቸው።

ዋካ ምንድን ነው? ከጠንካራ እንጨት የተጠረበ የሰው ምስል ነው። ኮንሶዎች የጎሣ መሪ ወይም ጀግና ሲሞት ለመታሰቢያው ይተክሉት ነበር። ዋካ ብቻውን አይቆምም፤ በረድፍ ነው። መካከል ላይ ያለው ሟቹ ነው። ግንባሩ ላይ ወደ ፊት የወጣ ጌጥ አለው። ከግራ ከቀኙ ሚስቶቹ ይቆማሉ፤ በአንገት ጌጣቸውና በጡታቸው ይለያሉ። ቀጥሎ በጦርነት የገደላቸው ጠላቶች አሉ። አውሬ ገድሎ እንደሆነም፣ አውሬው ተጠርቦ አብሮ ይቀመጣል። ዓይናቸው ከሰጎን ዕንቁላል ቅርፊት፣ ጥርሳቸው ከአጥንት ይሠራል። ቀረብ ብሎ ላያቸው ሰው አፍጥጠው የሚያዩት ይመስላሉ።

እንግዲህ ልብ በሉ። የአገሩ ሰው ከዚህ ረድፍ ፊት ቆሞ ስንት ሚስት እንደነበረው፣ ስንት ጠላት እንደገደለ፣ ምን አውሬ እንደጣለ አንድ በአንድ ይነግራችኋል። ፊደል የለበትም፤ ግን ይነበባል። እንጨቱ የማይናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ስሙን። ስሙን የሚያውቁት ቤተሰቡና የመንደሩ ሽማግሌዎች ናቸው።

ዋካ የሚቆመው ደጅ ላይ ነው፤ በመቃብሩ አጠገብ ወይም በመንገድ ዳር። አጥር የለው፣ ዘበኛ የለው። የውጭ አገር ሰው በብዙ ገንዘብ እንደሚገዛው ሲታወቅ ሌባ እየነቀለ ይወስደው ጀመር። ከሌባው ነጋዴ ይቀበላል፤ ከነጋዴው ወደ ባሕር ማዶ ይሄዳል። አንዳንዱ ሳይሻገር ተይዟል። እንዲህ ከሌባ እጅ የተረፉ ዋካዎች ናቸው ሙዚየሙ ውስጥ የቆሙት።

የተያዘው ተመለሰ፤ ደግ ነገር ነው። ግን ወደ ማን መቃብር ይመለስ? ሌባ ከየት እንደነቀለው አይጽፍ! ባልየው ለአንድ ነጋዴ፣ ሚስቶቹ ለሌላው ተሸጠው እንደሆነ ረድፉም ተበትኗል። የማን እንደነበረ የሚመሰክር ሰው ካልተገኘ፣ «የኮንሶ ዋካ» ከማለት በቀር ሙዚየሙ ምን ሊጽፍበት ይችላል? የአንድ ሰው መታሰቢያ የነበረው የማንም ይሆናል። እኛን ከስርቆቱ ይበልጥ ያሳዘነን ይህ ነው።

ኮንሶዎች ዘመን የሚቆጥሩትም በእንጨት ነው። በመንደሩ አደባባይ ረጃጅም ግንዶች አንድ ላይ ታስረው ቆመዋል። የትውልድ እንጨት ይባላሉ። በየ18 ዓመቱ አዲሱ ትውልድ ኃላፊነት ሲረከብ አንድ ይጨመራል። 10 እንጨት ካያችሁ ሒሳቡን ሥሩት፤ 180 ዓመት ነው። (ምስጥ የበላው ካለ ግን ሒሳቡ ይጎድላል።)

በእናንተስ ቤት ምን አለ? የአያት ጋሻ፣ የቀንድ ዋንጫ፣ የብራና መጽሐፍ አይጠፋም። አሮጌ ዕቃ ገዢ የሚመጣው ደግሞ እህል ባጠረበት ወር ነው፤ ዋጋውንም የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ከልክሏል። አዋጁ ግን የዕቃውን ባለቤት ስም አያውቅም። ይህን የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ አሁን ደግሞ መጻፍ ትችላላችሁ። ዕቃው የማን ነበር? በየትኛው ቀበሌ? ለምን ይሠራበት ነበር? ይህን የነገራችሁ ማን ነው? መቼ? አምስት መስመር ይበቃል። ሽማግሌዎቹ ሳሉ ጠይቁ። በዕቃው ላይ ግን አትጻፉ፤ ቀለም ያበላሸዋል። በወፍራም ወረቀት ጽፋችሁ በክር እሰሩት።